ይሉኝታ የማታውቅ ልጅ

በቆቦ መንገድ እየነዳሁ መይሙናን አላውቃትም የሚል ሹፌር ካለ ይዋሻል። ከአሥመራ ለሚመጣውም ከደሴ ለሚመጣውም፣ አውራ ጎዳናው ዳር ያለችው ያቺ ግማሽ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ ግማሹ ሣር የሆነች ሻይ ቤት የግድ መቆሚያው ነበረች። ሻይዋ ከሌላው ሻይ የተለየ ሆኖ አይደለም። ሴትዮዋ ናት ነገሩ። እንግዳ ገብቶ ምንም ሳይቀምስ ከወጣባት ቀኑን ሙሉ ስትብሰለሰል ትውላለች። "በአላህ! በሞቴ! ይቺን ብቻ!" እያለች ያንኑ ቂጣ ሦስት ጊዜ ታቀርባለች፤ እንግዳው አንደኛውንና ሁለተኛውን እምቢ ይላል፣ በሦስተኛው ይበላል። ወግ ነዋ! በራያ ምድር በመጀመሪያው ጥሪ እጁን የሚሰድ ሰው አሳዳጊ የበደለው ይባላል።

እሷ ራሷ ግን ሰው ቤት ስትሄድ በሦስተኛውም በአራተኛውም አትበላም። "ወላሂ ጠግቤ ነው የመጣሁት" ትላለች፣ ሳትበላ የመጣች። እናቷም እንዲሁ ነበሩ ይባላል፤ አያቷም እንዲሁ። ከዘር የወረደ ነገር ምን ይደረጋል! ባሏ በወጣትነቱ ሞቶባታል፣ ልጅ አልወለደችም፤ ያላት ሀብት ሻይ ቤቷና ይሉኝታዋ ነው። ከሁለቱ የቱ እንደሚበልጥባት የጠየቃት ሰው የለም እንጂ፣ ቢጠይቋት መልሱ ለማንም አይጠፋውም።

በስድሳ አምስት ዓመተ ምሕረት ዝናቡ እንደገና ከዳ። ማሽላው ፍሬ ሳይዝ አገዳው ደረቀ፣ ከብቱ በየሜዳው ወደቀ፣ ገበሬው ቤቱን እየዘጋ ወደ አውራ ጎዳናው ወጣ። ከዋጃ ወዲያ ባለች መንደር የምትኖረው የመይሙና ታናሽ እህት ሀጀራ፣ ባሏ የተረፉትን ከብቶች እየነዳ ወደ አፋር በረሃ ወርዶ በዚያው ስለቀረባት፣ ልጇን አሚናን ይዛ በእግሯ ቆቦ ገባች። ገባችና ምን ያደርጋል! መንገድ ላይ የያዛት ትኩሳት ሳምንት ሳይቆይ ወሰዳት። እስትንፋሷ ሊወጣ ሲል የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጄ ትምህርቷን እንዳታቋርጥብኝ አለቻት እህቷን።

አሚና ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ስድስተኛ ክፍል የደረሰች፣ ቀጭን፣ ዓይኖቿ ትልልቅ፣ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ካልሆነ ቃል የማትተነፍስ ልጅ። መይሙና እንደ ዓይኗ ብሌን ያዘቻት። ቆቦ ትምህርት ቤት አስገባቻት። ማታ ማታ ከተገኘ አንዲት የማሽላ ቂጣ ትጋግርና ለልጅቷ ትሰጣታለች። "አንቺስ አክስቴ?" ስትላት፣ "እኔ ቀን ከሹፌሮቹ ጋር በልቻለሁ፣ አብሽሪ፣ አንቺ ብዪ" ትላታለች። ልጅቷ ትበላለች። መይሙና ደግሞ ጀርባዋን ሰጥታ ብርጭቆ ታጥባለች፤ የታጠበውን ብርጭቆ ደግማ ታጥበዋለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

የስድስተኛ ክፍሉ አስተማሪ ጓንጉል ይባላል፣ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው። ስለ አንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ለመይሙና የነገራት እሱ ነው። ደሴ ላይ ለሴቶች ብቻ የተከፈተ አለ፤ ስድስተኛን የጨረሱትን በመግቢያ ፈተና እየመረጠ ይወስዳል፤ አልጋው፣ ምግቡ፣ ልብሱ፣ መጽሐፉ የትምህርት ቤቱ ነው አላት። ሰውየው ስለ ትምህርቱ ጥራት ገና ብዙ ሊያወራ ነበር። መይሙና ግን "ምግቡ" ካለ በኋላ ያለውን አልሰማችውም። የእህቷ ልጅ በቀን ሦስት ጊዜ የምትበላበት ቤት አለ! ከዚያች ቀን ወዲህ ሌላ ሐሳብ አልገባባትም። አሚና ካለፈች ትኖራለች፣ ትማራለች። ካላለፈች፣ ይቺ ሻይ ቤት እስከ መቼ እንደምታበላት አላህ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ታዲያ ነገሩ መች ቀና! በስድሳ ስድስት የካቲት በአገሩ ሁሉ መምህራን ሥራ አቆሙ፤ የቆቦውም ትምህርት ቤት ተዘጋ። መይሙና ነጠላዋን አጣፍታ ጓንጉል ቤት ሄደችና ልጄን አስጠናልኝ አለችው። እሱም ጓደኞቼ ሥራ አቁመው እኔ ተደብቄ ባስተምር ነውር ነው ብሎ ተቅለሰለሰ። ይሉኝታማ እሱም ጋ አለ! እሷ ግን ቶሎ መላ አመጣች። ሻይ መጠጣትስ ተከልክሏል ወይ ብላ ጠየቀችው። አልተከለከለም አላት። እንግዲያስ ና፣ ሻይህን ጠጣ፤ ስትጠጣ ደግሞ ዝም ብለህ ከምትቀመጥ ልጅቷን አንድ ነገር ጠይቃት፣ ጨዋታ ነው እንጂ ማስተማር አይደለም አለችው። ጓንጉል ሳቀና መጣ።

እንዲህ ሆኖ ተጀመረ። በማግስቱ አንድ ሹፌር፣ እኔስ ለምን አልጠይቃትም አለ። ከዚያ ወዲያ ሕግ ሆነ፤ መይሙና ቤት ሻይ የጠጣ ሁሉ አሚናን አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ አይነሳም። ፖሊሱ የጠቅላይ ግዛቶችን ስም ይጠይቃታል። የክሊኒኩ ድሬሰር ደም ከልብ ወጥቶ የት የት እንደሚደርስ ይጠይቃታል። ሹፌሮቹ ደግሞ ይህን ያህል ኩንታል ጭኖ ከአሰብ የተነሳ መኪና፣ እያሉ ሒሳቡን ያጠላልፉባታል። እህል ወደ ሰሜን የሚያመላልሰው ታምሬማ፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ቢበጠስብሽ ምን ታደርጊያለሽ ብሎ ጠየቃት። "እዘላለሁ" አለች በለሆሳስ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔስ አለ ታምሬ፣ እኔን ትተሽኝ? "አንተማ ታውቅበታለህ" አለችው፣ አሁንም መሬት መሬት እያየች። በዚያ ሁሉ መከራ መሐል፣ ደጁ ላይ የተጎሳቆለ ሰው ተኮልኩሎ እየታየ፣ ያቺ ቤት ሳቅ ይሰማባት ነበር። ሰው መቼም ሰው ነው።

ሚያዝያ ሲገባ ልጅቷ የማትመልሰው ጥያቄ ማግኘት አስቸገረ። ትምህርት ቤቱም ተከፍቶ ነበር፤ ግን ግማሹ ተማሪ በየቦታው ተበትኖ ወንበሩ ባዶ ስለሆነ ከክፍሉ ይልቅ ሻይ ቤቱ ይሻል ነበር። መይሙና ደስታዋን መደበቅ አቃታት። ታዲያ አንድ ቀን ጓንጉል ሻዩን ጨርሶ ብርጭቆውን እያሽከረከረ ቆየና፣ ፈተናው ሁለት ነው አላት፤ አንዱ በጽሑፍ፣ አንዱ በቃል፣ መምህራኑ ፊት ቆሞ። ባለፈው ዓመት ከጎብዬ የሄደች አንዲት ጎበዝ ልጅ በቃሉ ወድቃ ተመለሰች። አንገቷን ደፍታ፣ አፏን ሸፍና ስታንሾካሹክ፣ ከሩቅ የመጡት ፈታኞች ምንም አታውቅም ብለው አሰናበቷት።

"አሚናም በጽሑፉ ታልፋለች፣ በቃሉ ትወድቃለች" አለ። "የሚጥላት ደግሞ ሌላ ሰው አይደለም እትዬ መይሙና፣ እርስዎ ነዎት። ያ ያስተማሯት ጨዋነት ነው።"

መይሙና ተቆጣች። እንዴት አትቆጣ! ስንት ዘመን የኮራችበትን ነገር ጥፋት ነው አላት እኮ። ጓንጉል ያን ቀን አንድም ጊዜ "በሞቴ" ሳይባል ወጥቶ ሄደ፤ ይህ ደግሞ በዚያ ቤት ታሪክ ታይቶ አይታወቅም። ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች። ጠዋት ተነስታ የአሚናን ነጠላ ከአፏ ላይ ገለጠችና፣ ዛሬ አንቺ ነሽ የምታስተናግጂው አለቻት። ሰው ሲገባ ዓይን ዓይኑን እያየሽ ምን ልታዘዝ በዪ። የታዘዝሽውን እኔ ጓዳ ሆኜ እንድሰማው ጮክ ብለሽ ጥሪ። ታውቂያለሽ ሲሉሽ "እንጃ" እንዳትዪ፣ "አውቃለሁ" በዪ።

ይህ ለልጅቷ ከሒሳቡ ሁሉ የከበደ ፈተና ሆነባት። አውቃለሁ ማለት እኮ በእኛ አገር ትዕቢት ነው፤ የሚያውቅ ሰው እንኳ "ምን አውቃለሁ ብለህ" ነው የሚለው። የመጀመሪያውን ቀን ድምፅዋ ከብርጭቆው እንፋሎት አልበለጠም። መይሙና ከጓዳ "አልሰማሁም!" ትላለች። ልጅቷ ትደግማለች። "አልሰማሁም!" ልጅቷ እንባዋ እየመጣ ትጮሃለች። መይሙናም ጓዳ ውስጥ ሆና እንባዋን ትጠርጋለች፤ በገዛ እጇ ያነጸችውን በገዛ እጇ ማፍረስ ሆኖባት። ግንቦት ሲጋመስ ግን ሹፌሮቹ ራሳቸው ይሸማቀቁ ጀመር። አሚና ቀና ብላ፣ አንገቷን ሰብራ ሳይሆን ደረቷን ነፍታ፣ "ሁለት ሻይ! አንዱ ቀጭን!" ስትል አውራ ጎዳናው ማዶ ይሰማል።

ነገሩ የፈነዳው በሸህ ሸረፈዲን ነው። ሸሁ የተጣላ የሚያስታርቁ፣ ዱዓቸው የሚፈለግ፣ ሲናገሩ ሰው ሁሉ ጸጥ የሚልላቸው ሽማግሌ ናቸው። አንድ ቀን ሻይ እየጠጡ፣ የአባይ ወንዝ ወርዶ ወርዶ ቀይ ባሕር ይገባል ብለው አወሩ። ሊያርማቸው የደፈረ የለም። አሚና ግን "አይደለም አባባ" አለች፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየች። "ሜዲትራኒያን ነው የሚገባው።" ሸሁ ብርጭቆውን አስቀመጡና ልጅቷን ሳይሆን መይሙናን አዩ። ይሉኝታ የማታውቅ ልጅ አደረግሻት ብለዋት ከዘራቸውን ይዘው ወጡ።

ወሬው እስከ ማታ ቆቦን አዳረሰ። ውኃ የሚቀዱት ሴቶች፣ የሀጀራ ነፍስ ይህን ብታይ አሉ። ዝም አይነቅዝም፣ ልጅቷን ዝም ማሰኘት ምን ከበዳት አሉ። መይሙና ሁሉንም ሰማች። አሚና መጥታ እግሯ ሥር ቁጭ አለችና አጠፋሁ ወይ ብላ ጠየቀቻት። መይሙና ነገሩን አወጣች አወረደች። አጥፍተሻል ብትላት ልጅቷ እንደገና ነጠላዋ ውስጥ ትገባለች፤ የደሴው አልጋም አበቃለት። አላጠፋሽም ብትላት ደግሞ እናቷንም አያቷንም መካድ ሆነባት።

"አላጠፋሽም" አለቻት በመጨረሻ። "እውነቱን ካወቅሽው ቀና ብለሽ ተናገሪ። ሽማግሌም ፊት ቢሆን። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ እኔም ፊት ቢሆን።"

የሰኔ ሰማይ ደመና ሲቋጥር ታምሬ እህሉን አራግፎ ወደ ደሴ የሚመለስበትን ቀን ነገራት። ሊነሱ ሲሉ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ሸህ ሸረፈዲን! ከዘራቸውን ተደግፈው መኪናው አጠገብ ቆሙና እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ "አሚን" ሲባል ደግሞ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ አባይን አስተማሪውን ጠይቄው ነበር፣ ልጅቷ ያለችው ነው አሉ። ሽማግሌ ሲያምርበት እንዲህ ነው። መይሙና ጉልበታቸውን ለመሳም ጎንበስ ብትል ከለከሏት።

በወልድያና በሐይቅ አድርገው ደሴ እስኪገቡ ታምሬ ሲጠይቃት ዋለ፤ ኩርባው ላይ እንኳ አላረፈም። ደሴ ብርድ ነው፣ የቆላ ሰው አጥንቱ ድረስ ይገባዋል። ታምሬ ዘመዶቹ ቤት አሳደራቸው። የቤቱ እመቤት እራት አቅርባ ብትለምን ብትለምን መይሙና፣ ወልድያ ላይ በልተናል፣ ልጅቷን ብቻ አብዪልኝ አለቻት። ታምሬ ወልድያ ላይ መኪናውን እንዳላቆመ ሊናገር አፉን ከፈተና ተወው።

በጽሑፉ ፈተና አሚና ከፊተኞቹ ሆነች። በማግስቱ ለቃሉ ፈተና ስትጠራ፣ አሳዳጊም አብሮ ይግባ ተባለ። ሦስት ሰዎች ጠረጴዛ ይዘው ተቀምጠዋል፤ መሐል ላይ መነጽር ያደረጉ ሴትዮ አሉ፣ ዳይሬክተሯ ናቸው። መይሙና ከኋላ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላ በልቧ ሰለዋት ታወርዳለች። አሚና ጠረጴዛው ፊት ቆመች። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ነው። የጠየቋትን ሁሉ ዓይናቸውን እያየች፣ ሻይ እንደምታዝ ሁሉ ጥርት አድርጋ መለሰች፤ አንዱን ያላወቀችውን ደግሞ "ይህን አልተማርኩትም" አለች፣ ያንኑም ጮክ ብላ። ዳር ላይ የተቀመጡት ሰውዬ ፈገግ አሉ። የመይሙና ልብ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ።

ያኔ ዳይሬክተሯ ወደ እሷ ዞሩ። ልጅቷ አልፋለች አሏት፣ ግን አልጋው ጥቂት ነው፤ ዘንድሮ አልጋ የምንሰጠው በድርቁ ለተጎዱ ልጆች ነው፣ ሌሎቹ ከቤታቸው እየተመላለሱ ይማራሉ። ከቆቦ ደሴ ደግሞ ማን ተመላልሶ! ስለዚህ ልጠይቅዎት አሉ ሴትዮዋ በትሕትና፣ እንዴት ናችሁ፣ ቤታችሁ ችግር ላይ ነው?

እስቲ አሁን መልሱ ምን ይከብዳል? አዎ ማለት ነው፣ በቃ! መይሙና ግን ብድግ አለች። ሻሿን አስተካከለች። ስንት ዘመን የለመደ አፏ ከልቧ ቀድሞ ሮጠ።

"አልሐምዱሊላህ! ምን ጎድሎብን! እንኳን ለራሳችን ለመንገደኛም እንተርፋለን።"

አይ መይሙና! ለዚያች አልጋ ስትል ስንቱን ችላ፣ በአንድ ትንፋሽ አልጋዋን ለሌላ ሰጠቻት። ሴትዮዋ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው እስክሪብቷቸውን አነሱ። መይሙና የተናገረችው የገባት ያኔ ነው፤ ግን እንግዳ ፊት የተናገረችውን ቃል እንዴት አድርጋ ትብላው?

"አክስቴ ውሸቷን ነው" አለች አሚና።

ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ልጅቷን አየ። እሷ የምታየው ዳይሬክተሯን ነው። እንባዋ ይወርዳል፣ አንገቷ ግን ቀና እንዳለ ነው።

"ማታ ቂጣውን ለኔ ሰጥታ፣ እኔ ቀን በልቻለሁ ትለኛለች። ቀን አብሬያት ነው የምውለው። አትበላም።"

መይሙና መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። በሰው ፊት፣ ያሳደገቻት ልጅ ውሸታም አለቻት። ከዚያም አልፎ ልጅቷ ሁሉን ስታውቅ ኖራለች! ስንት ማታ ብርጭቆ እያጠበች ስታታልላት፣ ልጅቷ ቂጣዋን እያኘከች ጀርባዋን ስታይ ነበር ማለት ነው። ንዴቷ መጣ፣ ሐፍረቷ መጣ፣ ከሁሉም በኋላ ደግሞ ሐዘን መጣና ሁለቱንም ዋጣቸው። ዳይሬክተሯ መነጽራቸውን አውልቀው፣ እውነት ነው ወይ እናቴ አሏት። መይሙና እናቷን አሰበች። በልጅነቷ በሌላ ክፉ ዘመን፣ ጎረቤት ምግብ ይዛ መጥታ ስትለምናቸው "ጠግበናል" ብለው መልሰው፣ በሳምንቱ የተቀበሩትን እናቷን።

"ርቦናል" አለች።

ዳር ላይ የተቀመጡት ሰውዬ እጃቸውን ከጆሯቸው ጀርባ አድርገው ወደ ፊት ሰገግ አሉ፤ አልሰማሁም አሉ። መይሙና ቀና አለች። ድምፅዋን ከየት እንዳመጣችው እሷም አታውቅም።

"ርቦናል አልኩ! ልጅቷም ርቧታል፣ እኔም ርቦኛል። አልጋውን ስጧት።"

ዳይሬክተሯ ብዙ አልተናገሩም። የአሚናን ስም ጻፉና ወረቀቱን አዙረው አሳዩዋት፤ መይሙና ፊደል ባትለይም ልጅቷ ጮክ ብላ አነበበችላት። ከመስከረም ጀምሮ አልጋ አላት።

ክረምቱ ራያ ላይ ደህና ዘነበ። መይሙና ቆቦ ተመልሳ ሻይ ቤቷን ከፈተች፤ የገባ ሁሉ ልጅቷ እንዴት አለፈች ብሎ ሲጠይቃት፣ "እኔን በሰው ፊት አዋርዳ ነዋ! ውሸታም ብላኝ!" ትላለች፣ ፊቷ እየበራ። ሸህ ሸረፈዲን ይህን ሰምተው ጢማቸውን እያሻሹ፣ "ታዲያ አልቀጣሻትም?" ብለው ጠየቋት።

"ቀጣኋት እንጂ!" አለች መይሙና። "ከበሩ እንደወጣን ያዝኳትና፣ መተንፈስ እስኪያቅታት አቀፍኳት።"